አስራ አራት ቁጥር ወንበር

የቴፒ መናኸሪያ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አሰጋሽ አንድ ጆንያ ወረቀት መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች። ገና ከበሩ ሳትደርስ ጮኸች።

«ዓለምሸት! ኧረ ነይ ያዥልኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ!»

ዓለምሸት መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጆንያውን በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። አምስት ወር ሙሉ ጭቃ በአካፋ ስትዝቅ የከረመች ሴት ወረቀት አይከብዳትም።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የተሳፋሪ ዝርዝር ነዋ፣ ከላይኛው ሜዳ። ሸዋንግዛው ነገ ንግግር አለብኝ፣ በአምስት ወር ስንት ሰው እንደተጓዘ ቆጥራችሁ ስጡኝ ይላል። ዛሬ ነው ትዝ ያለው! ትናንት ምን ሲሠራ ነበር?»

አቶ ሸዋንግዛው የመናኸሪያው ኃላፊ ነው። አሰጋሽ ትኬት ትቆርጣለች። ዓለምሸት ትጠርጋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ስም ማንበብ ትችላለች፣ ደብዳቤ መጻፍ ግን እሁድን ሙሉ ይፈጅባታል። ይህን ከልምድ ታውቀዋለች፤ በዕድሜዋ አንድ ደብዳቤ ጽፋለች።

ጎርፉ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ወንዙ የኋላውን አጥር ጥሶ ገባና የትኬት መስኮቱን፣ የተሳፋሪውን መጠለያ፣ አግዳሚዎቹን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሶቹ ከከተማው በላይ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ይቆሙ ጀመር። አሰጋሽም ጠረጴዛዋንና ጃንጥላዋን ይዛ እዚያው ወጣች።

ዓለምሸት ግን ታች ቀረች። «ጭቃውን ማን ያወጣዋል?» አለች። ሁሉም ጎበዝ ሠራተኛ ናት አለ። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ላይኛው ሜዳ ላይ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰው ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ እሱን ላለማየት ነበር የቀረችው።

ሻሚል የአባመጫ ልጅ ነው። አባመጫ ከጅማ መጥተው መጀመሪያ ሱቅ ከፈቱ፣ ቆይተው ቡና ገዢ ሆኑ፤ አሁን መጋዘናቸው ከመናኸሪያው አጥር ጋር ይዋሰናል። ሻሚል ደግሞ ሚዛን ከተማ ያለውን ሱቃቸውን ይይዛል። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሚዛን ወደ ማሻ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሮ በቴፒ በኩል ጌጫ ገበያ ይወጣል። አውቶቡሱ ቴፒ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። የዓለምሸት ሳምንት ያቺ ግማሽ ሰዓት ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው በሲሚንቶ ነው። አንድ ሐሙስ የመጠለያውን ሲሚንቶ ወለል አጥባ ሳትጨርስ ዝናብ መጣና ተሳፋሪው ሁሉ በጭቃ ጫማው እየረገጠው ገባ። አንድ ሰው ብቻ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያጠበችውን አየ፣ እሷን አየ፣ ተመልሶም በዝናቡ ውስጥ ዞሮ ሄደ። ልብሱ ከላዩ ላይ ተጣብቆ፣ ከወዲያ ማዶ ሲስቅላት ባልዲዋን ይዛ ቀረች። በዕድሜዋ ሙሉ ለእሷ ድካም ሲል የረጠበ ሰው አይታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ተያዩ። አንዳንዴ ሁለት ቃል፣ ሌላው መተያየት ብቻ። ምን ይነጋገሩ? የእሷ አባት አቶ ተረፈ የቸርች ሽማግሌ ናቸው። አባመጫ ደግሞ ለልጃቸው ከጅማ የነጋዴ ልጅ አስበውለታል ይባላል። አንዲት ጠራጊ፣ ያውም የሌላ እምነት ልጅ፣ ያን ደጅ በምን እግሯ ትረግጠዋለች? ሁለቱም ያውቁታል፤ አውቀውም ግማሽ ሰዓታቸውን በዓይናቸው ይጨርሱታል።

ጎርፉ በመጣበት በዚያው ነሐሴ ግን ሻሚል ውሃ ልጠጣ ብሎ ቧንቧው ጋ መጣ። አልጠጣም።

«ዓለም፣ ጌጫ አጎት አለኝ ብለሽኝ አልነበር?»

«አለኝ። ጋሼ በዛብህ፣ የእናቴ ወንድም። አባቴ ከሰው ሁሉ እሱን ይሰማል።»

«እንግዲያው በሚመጣው ሐሙስ አብረን እንሂድ። እሱ ፊት እንቀመጥ። እምቢ ቢል ይበል፤ ቢያንስ አንድ ሽማግሌ ፊት ስማችን አብሮ ይጠራ።»

«ሰው ቢያየንስ?»

«ይየን። ከሚዛን ጀምሬ ከጎኔ ቦታ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ከሚዛን? እኔ የምሳፈረው ከቴፒ! ሞኝ ነህ እንዴ?»

«ከሚዛን ካልቆረጥኩልሽ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ያስቀምጡበታል» አለ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«አስብበታለሁ» አለችው። ሐሳቧ ግን ገና እሱ ሳይዞር አልቆ ነበር። እሁድ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ጻፈች፤ «እመጣለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ጠብቀኝ።» ያችን የአንድ መስመር ወረቀት አጥፋ ወደ ሚዛን ለምትሄደው ለነጋዴዋ ለንጋቷ ሰጠቻት።

ማክሰኞ ጎርፉ መጣ።

ሐሙስ ዓለምሸት የቸርች ቀሚሷን ለብሳ የፈረሰው መናኸሪያ በር ላይ ቆመች። ጭቃው እስከ ቅልጥሟ ነው። አውቶቡሶቹ የት እንደሚቆሙ ያን ዕለት በእርግጥ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ከድልድዩ ወዲያ ይላል፣ አንዱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ይላል። ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድም በውሃ ተቆርጧል። «በር ላይ ብያለሁ፤ በር ላይ እቆማለሁ» አለች። ቆመችም። ከሰዓት ውሃው ጎድሎ አሰጋሽ ስትወርድ ዓለምሸት እዚያው ነበረች።

«ሻሚል መጥቶ ነበር» አለቻት አሰጋሽ። «ወረደ፣ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ የጠፋው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ተሳፍሮ ሄደ።»

የሚቀጥለው ሐሙስ ዓለምሸት ወደ ሜዳው ልትወጣ ነጠላዋን ለብሳ ነበር። አሰጋሽ አውቶቡሱ ከመድረሱ በፊት ወሬ ይዛ መጣች።

«ሰማሽ? ሻሚል አግብቷል!»

«ማን አለ?»

«ከሚዛን የሚመጣ ሁሉ። ሁለት ትኬት ነው አሉ የሚቆርጠው፤ አንድ ለራሱ፣ አንድ ለሴት።»

«ሴትዮዋን አየሻት?»

«እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ ሰው ልቁጠር? መቼም ለነፋስ ትኬት የሚቆርጥ የለም!»

ዓለምሸት ነጠላዋን አወለቀች። አካፋዋን አነሳች። «ስለ እኔ ከጠየቀሽ» አለች ወደ ጭቃው ዞራ፣ «ላየው አልፈልግም ብላለች በይው።»

አሰጋሽም አደራ ተቀብላ የምትረሳ ሴት አይደለችም፤ አለችው። ከዚያ በኋላ ሻሚል ወደ ታች አልወረደም፣ ዓለምሸትም ወደ ላይ አልወጣችም። በመሃላቸው ያለው መንገድ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሐሙስ በደረሰ ቁጥር የአውቶቡሱን ጡሩምባ ከላይ ትሰማለች፤ ስትሰማ አካፋዋን መሬት ላይ ትተክልና ድምፁ እስኪጠፋ ትቆማለች። ከዚያ ደግሞ መዛቅ ነው።

*

እንግዲህ ያን ጆንያ መሬት ላይ ዘርግፈው ተቀመጡ። ዓለምሸት ወረቀቱን በየቀኑ ትለያለች፣ አሰጋሽ ትቆጥራለች። እያንዳንዱ ወረቀት የአንድ አውቶቡስ ነው፤ በግራ በኩል የወንበር ቁጥር፣ በቀኝ በኩል የተሳፋሪው ስም። ከሚዛን የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ የዝርዝሩን ግልባጭ ቴፒ ላይ ጥሎ ያልፋል።

የሐሙሶቹ ላይ ደረሰች። እንግዲህ የሴትዮዋን ስም ልታየው ነው። የጅማዋን ልጅ። ባላየው አለች፤ ደግሞ ልየውና ይውጣልኝ አለች። ጣቷን ከላይ ጀምራ አወረደች።

አስራ ሦስት፣ ሻሚል አባመጫ።

አስራ አራት፣ ዓለምሸት ተረፈ።

እንደገና አነበበችው። ፊደል ለይታ፣ ልጅ ሆና ታነብ እንደነበረው። ከዚያ ሌላውን ሐሙስ አነሳች። አስራ አራት፣ ዓለምሸት ተረፈ። የመስቀልን ሳምንት። ዓለምሸት ተረፈ። የኅዳርን። ጸሐፊው ተቀያይሯል፣ ቀለሙ ተቀያይሯል፣ አንዱ ስሟን አጣሞታል፤ ስሙ ግን የእሷ ነው።

«ምን ሆንሽ? ቀጥዪ እንጂ!» አለች አሰጋሽ።

ዓለምሸት ወረቀቱን ዘረጋችላት። አሰጋሽ አየችው። አፏን በእጇ ያዘች።

«በኢየሱስ ስም! እኔ እኮ ቁጥሩን ነው የማየው… ስሙን መቼ አነባለሁ?» አለች። ቆይታ ደግሞ ድምፅዋ ወረደ። «አግብቷል ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ያመንኩሽ እኔ ነኝ» አለች ዓለምሸት።

አስራ ዘጠኝ ሐሙስ ነበር። እሷ እዚህ አካፋዋን ተክላ ጡሩምባ ስትሰማ፣ ስሟ እዚያ ላይ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጌጫ ይገባ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሐሙሶች ላይ ግን አስራ ሦስት ቁጥር ሌላ ሰው ነው። አስራ አራትም ሌላ ሰው። ሁለቱም ስሞች የሉም።

ቆጠራው ሲያልቅ ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት መጣ። አሰጋሽ እስክሪብቶዋን ይዛ አመነታች።

«ያንቺን አስራ ዘጠኙን ላውጣው? አልሄድሽም እኮ።»

ዓለምሸት መሬት ላይ የተዘረጉትን ሐሙሶች አንድ በአንድ ሰበሰበች። 

«ተይው» አለች። «ይቆጠር።»

*

የመክፈቻው ቀን ሐሙስ ሆነ። ሰንደቅ ተሰቀለ፣ ሪባን ተወጠረ፣ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀመጡ፤ አቶ ተረፈም ከመሃላቸው ነበሩ፣ አባመጫም ከወዲያኛው ጫፍ። አቶ ሸዋንግዛው ክራቫት አስሮ፣ «መናኸሪያችን በጎርፍ በተጎዳበት ጊዜ እንኳ ሃያ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰባት ተሳፋሪ ተስተናግዷል!» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። ዓለምሸት ከኋላ ቆማ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ከሚያጨበጭብለት ቁጥር ውስጥ አስራ ዘጠኙ እሷ መሆኗን ከአሰጋሽ በቀር የሚያውቅ የለም። እንደዚያ ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ከሚዛን የመጣው አውቶቡስ አዲሱን በር የመጀመሪያ ሆኖ ገባ። ሕዝቡ እልል አለ። ሾፌሩ ታፈሰ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ያን መንገድ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው። ዓለምሸት ተሳፋሪው እስኪወርድ ጠበቀች። ዓይኗን ወደ አስራ ሦስት ቁጥር አላነሳችም። ከዚያ ወደ ሾፌሩ በር ሄደች።

«ጋሽ ታፈሰ፣ አስራ አራት ቁጥር ላይ ማን ነበር የሚቀመጠው?»

ታፈሰ መሪውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ!» አለ። «ማንም! ማንም አልተቀመጠበትም። እርጉዝ ቆማ ትሄዳለች፣ እኔ 'ሰው አለው' እላለሁ። ሽማግሌ ቆሞ ይሄዳል፣ እኔ 'ሰው አለው' እላለሁ። እርግማን ጠግቤያለሁ ባንቺ ምክንያት። እሱ ተነስቶ የራሱን ይሰጣቸዋል፤ ያንቺን ግን ንክች አያደርግም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልንገራት ስለው፣ 'ላየው አልፈልግም ብላለች፤ ሰው ልኬ አልጎትታትም፤ ራሷ ከጠየቀች ግን…' አለኝ። ሁለታችሁም ድንጋይ ናችሁ። አንድ ድንጋይ ሚዛን፣ አንድ ድንጋይ ቴፒ፣ እኔ በመሃል እመላለሳለሁ!»

ይህን እያለ ከፀሐይ መከላከያው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ጠርዙ በአቧራ ቀልቷል። ዓለምሸት ከአውቶቡሱ ጎን፣ በጎማው ጥላ ቆማ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ለዓለም። ይህ የሚደርስሽ ስለ ወንበሩ የጠየቅሽ ቀን ነው፤ ካልጠየቅሽ ታፈሰ ይቀደዋል። በር ላይ ጠብቀኝ ብለሽኝ ሜዳው ላይ በር ስፈልግ ግማሽ ሰዓቴ አለቀ። በሳምንቱ ላየው አልፈልግም ብላለች አሉኝ። ሰውን አምኜ ካንቺ አፍ ሳልሰማ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው። ቦታሽን መያዝ ያልተውኩት ትመጫለሽ ብዬ ብቻ አይደለም። እዚያ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ከጎኑ መጓዝ አቃተኝ። አሁን አባቴ ከሚዛን ወዲያ፣ ወደ ቱም ከተማ ልኮኛል። በዚያ በኩል የሐሙስ አውቶቡስ የለም፤ የምንሄደው በጭነት መኪና ነው፣ ቦታም አይያዝም። ከእንግዲህ ወንበሩ ላይ የፈለገ ይቀመጥ። አልተቀየምኩሽም። ሻሚል።»

«አግብቷል?» አለች ወረቀቱን ሳትለቅ።

«የጅማዋን ልጅ አላገባም ስላለ አይደል ወደ ቱም የተወረወረው!» አለ ታፈሰ። «ሦስት ሳምንቱ።»

ሦስት ሳምንት። አምስት ወር ጭቃ ስትዝቅ አንድም ቀን ያልደከማት ሴት ጎማው ላይ ተደገፈች። ከመድረኩ ማዶ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ሰው ለስላሳ መጠጣት ጀመረ። እሷ ጋ ግን ምንም አይሰማም። ብትጮህ ቱም አይሰማ። ብትጽፍ እሁድ ገና ነው፣ ያውም አንድ መስመር። ያቺ አንድ መስመርም ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው።

ከዚያ ቀና አለች።

«ጋሽ ታፈሰ፣ የዛሬው ዝርዝር ነገ ስትመለስ ሚዛን ይገባል?»

«ይገባል።»

«ከሚዛን ቱም የሚወጡ ሾፌሮችን ታውቃለህ?»

ታፈሰ ነገሩ ገባው። «አውቃለሁ» አለ። «ዝርዝሩ እጁ ይገባል።»

አዲሱ የትኬት መስኮት ቀለሙ ገና ይሸታል። ዓለምሸት የጽዳት ሽርጧን እንደለበሰች ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ አሰጋሽ፣ «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን…» ብላ ጀምራ ፊቷን ስታይ ተወችው።

«ሁለት ቁረጪልኝ። እስከ ጌጫ። አስራ ሦስትና አስራ አራት። የነበሩት ወርደዋል።»

«ሁለት? አንዱ ለማን ነው?»

«ስሙን ታውቂዋለሽ።»

የአሰጋሽ እስክሪብቶ ቆመ። «ዓለምሸት፣ ሰውየው አውቶቡሱ ላይ የለም እኮ።»

«እኔም እዚህ ነበርኩ፣ ስሜ ግን ሄዷል። ጻፊው። አባቱ ድረስ አሟልተሽ ጻፊው። ይነበብ።»

አሰጋሽ ጻፈች። ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበርና ፊደሉ ትንሽ ተንጋደደ፤ ግን ይነበባል። አስራ ሦስት፣ ሻሚል አባመጫ። አስራ አራት፣ ዓለምሸት ተረፈ።

ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ አቶ ተረፈ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነስተው መንገዷ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«ጌጫ፣ ጋሼ በዛብህ ጋ ነው አባባ።»

«ምን ተፈጠረ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ታሟል ማለት ትችል ነበር። «ስለ ሻሚል ልነግረው ነው» አለች። «ስለ አባመጫ ልጅ። አምስት ወር ሙሉ ከሚዛን ቦታ ይዞልኝ ኖሯል። ጋሼን ይዤ እመለስና እርስዎ ፊት እቀመጣለሁ። እስከዚያ አይቆጡኝ። ከተቆጡኝም እሄዳለሁ።»

አቶ ተረፈ ልጃቸውን አዩ፤ ሽርጧን፣ ከአካፋው የተነሳ የሻከረ እጇን፣ በእጇ የያዘቻቸውን ሁለት ትኬቶች።   ከዚያ የራሳቸውን ሹራብ አወለቁና ዘረጉላት።

«ጌጫ ይበርዳል» አሉ። ፊታቸውን አዙረው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

እሷም ሹራቡን ታቅፋ፣ ሳታለቅስ፣ ተሳፈረች።

አስራ አራት ቁጥር መስኮቱ በኩል ነው። ሐሙስ ሐሙስ በስሟ ያለፈው ወንበር ይህ ነው፤ ተቀመጠችበት። አውቶቡሱ በአዲሱ በር ወጣ፣ ላይኛውን ሜዳ አለፈ። ሜዳው ባዶ ነበር። በእርግጥም በር የለውም። ዳገቱን ሲጀምር በጭጋግ የተሸፈነው ጫካ ከሁለት በኩል ተጠጋ። ሰው መተላለፊያው ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። ዶሮ የያዙ እናት ዓይናቸውን ባዶው ወንበር ላይ ጣሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው አለው?»

ዓለምሸት ተነሳች። «እኔ ቦታ ይቀመጡ እማማ» አለች። «እዚህኛው ሰው አለው።»

«የታለ? አይታየኝም።»

«መንገድ ላይ ነው።»

እናትየዋ ወንበሩን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ሊቀልዱ የነበረውን ተዉት። ዶሯቸውን አቅፈው መስኮቱ ጥግ ተቀመጡ።

ዓለምሸት ጌጫ እስኪደርሱ ቆማ ሄደች፤ እሱ እንዲያ ይሄድ እንደነበረው። መንገዱ ሲያንገጫግጫት የአስራ ሦስት ቁጥርን መደገፊያ ያዘች። ብርዱ በመስኮቱ ገባ፣ ብረቱ ከእጇ ሥር እንደ ውሃ ቀዘቀዘ። ሹራቡን ልትለብስ ዘረጋችው። አልለበሰችውም። በባዶው ወንበር ላይ አለበሰችውና፣ ከላዩ ላይ እጇን አሳርፋ፣ እስኪሞቅ ጠበቀች።